ማዕተቤን አውልቄ ስፖርት ብሠራ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ክሮስፊት የሚባለውን፣ ክብደት ማንሳትና ሩጫ ተቀላቅለው በቡድን የሚሠሩበትን ስፖርት ከጀመርኩ 2 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማዕተቤ ብረቱ ላይ እየተያዘ ሲያስቸግረኝ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ተውኩት። አሠልጣኜ «ጾም ጡንቻሽን ይጨርሰዋል» ይለኛል። እሑድ ጠዋትም እንሠራለን። ሌላ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?
ወለተ ማርያም

መልስ፦ ደህና ነሽ ልጄ? ስፖርቱስ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት ይጠቅማል አለ እንጂ አይረባም አላለም (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። ጾሙ አያስጨንቅሽ፤ ምስሩም ሽምብራውም አለ፣ የምታነሺውን ክብደት ቀነስ አድርጊው። ሕመም ካለብሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

እኔን ያሳሰበኝ «ሌላ ሰው ሆንኩ» ያልሽው ነው። ክሮስፊት በምትሠሪበት ቤት የየቀኑ ውጤት ከነስምሽ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። በ2005 እ.ኤ.አ. አፍጋኒስታን በሞተ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ስም የሚጠራውን የክሮስፊት ልምምድ፣ «መርፍ»ን ሳትሠሪው አልቀረሽም፤ 1 ማይል ሩጫ፣ 100 ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ 200 ፑሽ አፕ፣ 300 ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ከዚያ እንደገና 1 ማይል። ሟችን በላብ መዘከር ነው፤ ክፋት አላየሁበትም።

በሥጋ መድከሙ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የስቅለት ዕለት ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባሽን ቸብ ቸብ እያደረጉ የምትሰግጂውን ቁጥር ይነግሩሻል። ጉልበትሽ እስኪንቀጠቀጥ ትሰግጃለሽ። ግን ሰሌዳ የለም። አጠገብሽ ያሉት እናት ስንት እንደታዘዙ አታውቂም፣ እሳቸውም ያንቺን አያውቁም። ሰሌዳው ላይ ያለችው ሴት ነገ ትከሻዋ ቢጎዳ ስሟ ይወርዳል። ወለተ ማርያም ግን አልጋ ላይ ብትውልም ያው ወለተ ማርያም ናት።

እውነቱን ለመናገር እኛም እንወቀሳለን። ከክሮስፊቱ አንድ ሳምንት ብትቀሪ ይደውሉልሻል። ከቅዳሴ ሦስት ወር ስትቀሪ ግን ከእኛ ማን ደወለልሽ? ሰው የሚፈልገው ወዳለበት ቢሄድ አይገርመኝም።

የእሑዱን ወደ ቅዳሜ አዙሪው፤ ካልሆነም ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ማዕተቡን አሳጥረሽ በልብስሽ ውስጥ እሰሪው፣ ብረቱ አይደርስበትም። ዛሬውኑ ከቦርሳሽ አውጪው።