ትርፉ የት ነው የሚያድረው? አካውንቲንግ ለምትማሩ ልጆች

ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ እነዚህ ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የሚገባቸውን ግብር ይከፍላሉ?» ዕድሜዬን ሒሳብ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቀጥታ ልመልስላችሁ። ብዙዎቹ አይከፍሉም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕግ ጥሰው አይደለም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። «ሌቦች ናቸው» ብሎ ፖስት ማድረግ ቀላል ነው፤ መንግሥት ካዝና ውስጥ ግን አንድ ሳንቲም አያስገባም።

በምናውቀው በቡና እንየው። እ.ኤ.አ. በ2012 ስታርባክስ ላይ እንግሊዝ ውስጥ ትልቅ ጉድ ፈላ። ከ1998 ጀምሮ እዚያ አገር 3 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ሽጦ የከፈለው የትርፍ ግብር 8.6 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለግብር ሰብሳቢው የሚያቀርበው ሒሳብ ዓመት በዓመት ማለት ይቻላል ኪሳራ ያሳያል። ለባለአክሲዮኖቹ ደግሞ የእንግሊዙ ሥራ አትራፊ ነው ይላል። በዚያው ዓመት የፓርላማው የሒሳብ ኮሚቴ የኩባንያውን የፋይናንስ ኃላፊ ጠርቶ ሲያፋጥጥ አሠራሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የእንግሊዙ ኩባንያ ለስሙና ለአሠራሩ ኔዘርላንድ ላለ እህት ኩባንያ ሮያሊቲ ይከፍላል፤ ከራሱ እህት ኩባንያዎች ተበድሮ ወለድ ይከፍላል፤ ቡናውንም የሚገዛው ስዊዘርላንድ ካለ ሌላ እህት ኩባንያ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ዋጋው ላይ 20 በመቶ ይጨምርበታል። እነዚህ ሁሉ ወጪ ተብለው ይያዛሉ። ወጪው ሲቀነስ ግብር የሚጣልበት ትርፍ አይተርፍም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቡናው ራሱ ስዊዘርላንድን አይረግጥም። ከኛ የሚገዛው የሲዳማም ሆነ የይርጋጨፌ ቡና የሚሄደው በመርከብ ነው፣ የሚቆላው ሌላ ቦታ፣ የሚጠጣው ሌላ ቦታ። ስዊዘርላንድ የሚያልፈው ኢንቮይሱ ነው። ትርፉም ኢንቮይሱን ተከትሎ እዚያው ያድራል። በሙያችን ትራንስፈር ፕራይሲንግ የምንለው ይህንኑ፣ የአንድ ባለቤት ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚገበያዩበትን ዋጋ ነው። ሕጉ «እንደማይተዋወቁ ነጋዴዎች ተገበያዩ» ይላል። ችግሩ ያን ዋጋ የሚያውቀው ማን ነው? ለአንድ ኩንታል ቡና የገበያ ዋጋ ታገኙለታላችሁ። ለአንድ ዓርማ ግን ከየት ይመጣል?

ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። የአውሮፓ ኅብረት አስፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን በ2015 ስታርባክስ ለኔዘርላንድ ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዩሮ ይመልስ ብሎ ወሰነ፤ በ2019 ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። አፕል ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ኮሚሽኑ በ2016 እንዳለው፣ አየርላንድ ውስጥ የተመዘገበው የአፕል ኩባንያ በ2014 ከአውሮፓ ካገኘው ከእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ዩሮ ትርፍ የከፈለው ግብር 50 ዩሮ ነበር። ሃምሳ! ትርፉ የተመዘገበለት ዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኛም ቢሮም የሌለው፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነበር። ክርክሩ ወዲያ ወዲህ ሲባል ቆይቶ በመስከረም 2024 የኅብረቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት፣ ኮሚሽኑ ያልተከፈለ ግብር ነው ያለው 13 ቢሊዮን ዩሮ ለአየርላንድ ይከፈል አለ። የሚገርመኝ ግን አየርላንድ ራሷ ገንዘቡን አልፈልግም ብላ ስትከራከር መኖሯ ነው። ኩባንያው እንዳይሄድባት ፈርታ ነው። ድሃ አገሮችም በዚሁ ፍርሃት የግብር እፎይታ እየሰጡ፣ መሰብሰብ የሚችሉትን በገዛ ፊርማቸው ይተዋሉ። ስለዚህ ጣት ስትቀስሩ ኩባንያው ላይ ብቻ አትቀስሩ።

ከአፍሪካ እኔን ተስፋ የሰጠኝ የዛምቢያ ጉዳይ ነው። ሞፓኒ የተባለው የመዳብ ማዕድን ድርጅት መዳቡን ለያኔው እናት ኩባንያው ለግሌንኮር በርካሽ ሸጧል ብሎ የዛምቢያ ግብር ባለሥልጣን ተጨማሪ ግብር ጠየቀው። ክርክሩ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ስላለው ሒሳብ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለባለሥልጣኑ የፈረደው በ2020 ነው። ገንዘቡ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በዓለም ደረጃ ትንሽ ነው። ግን ፋይሉን ይዘው ዓመታት የታገሡ፣ የመዳብን ዋጋ ከኩባንያው ሰዎች እኩል የሚያውቁ የመንግሥት ባለሙያዎች ባይኖሩ ኖሮ ያም አይገኝም ነበር።

ያልተሰበሰበ ግብር በኖ አይጠፋም። ሌላ ሰው ይከፍለዋል። በኛ አገር የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ነው። ደሞዝተኛው ግን እስከ 35 በመቶ ድረስ ገና እጁ ሳይገባ ይቆረጥበታል፤ በቀረችው ሲገበያይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀዋል። እሱ እህት ኩባንያ የለው፣ ስዊዘርላንድ ላይ ኢንቮይስ የሚጽፍለት የለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። ተማሩት። ትራንስፈር ፕራይሲንግን ለፈተና ብቻ አንብባችሁ አትለፉት። የኛም አገር የገቢ ግብር አዋጅ (979/2008) ስለዚህ ድንጋጌ አለው፣ መመሪያም ወጥቶለታል፤ የጎደለው በጉዳዩ የበሰለ ሰው ነው። የኩባንያ ሪፖርት ስታገኙ ትርፉን አይታችሁ አትዝጉት። አይ.ኤ.ኤስ 24 የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ የሚያስገድደውን፣ እንደ እህት ኩባንያ ካሉ ተዛማጅ ወገኖች ጋር ስለተደረገ ግብይት የሚያትተውን ማስታወሻ ገልጣችሁ አንብቡ። ለማን ሮያሊቲ ተከፈለ? ብድሩ ከማን ነው? ወለዱስ ባንክ ከሚያስከፍለው ይበልጣል? ገንዘብ ተቀባዩ ኩባንያ ስንት ሠራተኛ አለው?

ከመካከላችሁ እነዚሁ ኩባንያዎች ጋር የምትቀጠሩ ትኖራላችሁ። ደሞዙ ጥሩ ነው፣ ሂዱ፣ ሥራውን ከውስጥ እወቁት። እዚያ ስትሠሩ ግን በእውነት ያልተሰጠ አገልግሎት «የማኔጅመንት ክፍያ» ተብሎ ሲመጣላችሁ አትፈርሙ።

ገቢዎች ለመግባት የምታስቡትን ደግሞ አደራ እላችኋለሁ፣ ቶሎ አትውጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ130 በላይ አገሮች፣ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ750 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆነ ኩባንያዎች ቢያንስ 15 በመቶ ግብር ይክፈሉ ብለው ተስማሙ፤ በ2025 ግን የሀብታሞቹ አገሮች ስብስብ ቡድን 7 የአሜሪካን ኩባንያዎች ከዚህ ደንብ ለይቶ ለማስተናገድ ተስማማ። የአፍሪካ አገሮች በበኩላቸው ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ይምጣ ብለው በ2023 በ125 ለ48 ድምፅ አሸንፈዋል። አሁን ይኸው የተባበሩት መንግሥታት የግብር ስምምነት አንቀጽ በአንቀጽ እየተረቀቀ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ሀብታሞቹ አገሮች በሙያው ያረጁ ሰዎችን ይዘው ይቀመጣሉ። እኛም የምንልከው ሰው ያስፈልገናል።