«ልጄ ከፕሌይስቴሽን ቤት አልወጣ አለኝ»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሐዋሳ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል። ቤት ሲመጣ ደግሞ ስልኬን ይዞ ፍሪ ፋየር የሚባል የተኩስ ጌም ነው። በቀደም ከቦርሳዬ 100 ብር ወሰደ። አባቱ ሲሰማ ገረፈው፤ ሁለተኛ ጌም የሚባል እንዳይነካም ከለከለው። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ከሚውል ጌሙ ይሻለዋል ባይ ነኝ። በዚህ የተነሳ ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈናል። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማናችሁ ትክክል ናችሁ የሚለውን ለጊዜው ልተወውና ከብሩ ልጀምር። ብሩና ጌሙ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ብስኩት ቢገዛበትም መውሰዱ ያው መውሰድ ነው። ከኪስ ገንዘቡ ላይ በትንሽ በትንሹ እየቀነሱ ያስመልሱት። በግርፋቱ ግን አልስማማም። የተገረፈ ልጅ የሚማረው በሚቀጥለው ጊዜ እንዴት እንደማይያዝ ነው።

ደግሞስ ብሩ ለምን እንዳስፈለገው የጠየቀው አለ? ብዙ ጌም ቤት «የተሸነፈ ይከፍላል» ነው ሕጉ። ትንሽ ልጅ ከትልልቆቹ ጋር ፊፋ የሚባለውን የኳስ ጌም ገጥሞ ሲሸነፍ ዕዳ ይገባል፤ ዕዳውን ይዞ ቤት ለመናገር ደግሞ ይፈራል። ቁጣውን ትታችሁ «ዕዳ አለብህ እንዴ?» በሉት።

አባቱም አንድ ቀን እዚያው ቤት ገብቶ ትንሽ ቁጭ ይበል። እነማን ናቸው ያሉት? ጫትና ሲጋራ አለ? በብር ይወራረዳሉ? የሚጫወቱትስ ምንድን ነው? ፊፋ ለልጅ ችግር የለውም። ወንጀልና ግድያ የሚበዛበት ጂቲኤ ግን አውሮፓ ውስጥ የተመደበው ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፣ እዚህ የ11 ዓመት ልጅ ሲጫወተው ዝም ይባላል። ቤቱ የማይሆን ከሆነ ይቅርበት። እንዲያውም ከዚያ ይልቅ ጓደኞቹ እናንተ ቤት መጥተው ቢጫወቱ እመርጣለሁ።

ጌም ጥቅም የለውም ማለት ግን አይቻልም። ፈጣን የሆኑ ጌሞች የዓይን ትኩረትን እንደሚያሻሽሉ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ማለት ግን ሒሳብ ይጎብዛል ማለት አይደለም። ትልቁ ጥቅም ጓደኛ ነው። ነገ ክፍል ውስጥ የሚወራው የዛሬው ጨዋታ ነውና ሙሉ በሙሉ ብትከለክሉት ከወሬው ውጪ ይሆናል።

አሁን ወደ ስልኩ። «በቃ አምጣ!» ሲሉት «እማዬ አንዴ፣ ልሞት ነው!» ብሎ ዓይኑን እንኳ አያነሳም አይደል? ንቀት እንዳይመስልዎት። ፍሪ ፋየር አንድ ዙር 10 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል፣ መሐል ላይ ማቆሚያ የለውም፤ ከቡድን ጋር ከሆነ ደግሞ ጥሎ ሲወጣ ጓደኞቹን ነው የሚከዳው። ስለዚህ በሰዓት ሳይሆን በዙር ተስማሙ። ከቤት ሥራ በኋላ ሦስት ዙር፣ ከዚያ ስልኩን ራሱ ያስረክብ።

እኔን የሚያሳስበኝ እንቅልፉ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል እንቅልፍ ማግኘት አለበት። ስልኩ ማታ እናንተ ጋ ይደር።

«ሱስ ይሆን?» ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን እንደ ሕመም የመዘገበበት ዝርዝር ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መለኪያው ግን ቀላል አይደለም፦ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ጌሙን ሲያስቀድም፣ እየተጎዳም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወር ሲዘልቅ ነው። እርስዎ ከጻፉልኝ ይህን አላየሁም።

«ከመንገድ ይሻላል» ያሉት ደግሞ ትንሽ ያስቸግረኛል። ልጁ ከጌምና ከመንገድ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ታቦር ተራራን ቢወጡ፣ ወይ ፍቅር ሐይቅ ወርደው ኳስ ቢያንከባልሉ፣ ግርፋቱ ያሻከረውንም ያለሰልሳል።

ከሁሉ በፊት ግን ልጁ በሌለበት ከባለቤትዎ ጋር ታረቁና አንድ ቃል ይኑራችሁ። አባት የከለከለውን እናት በጓሮ ከፈቀደች ልጁ የቱ በር እንደሚከፈት ወዲያው ያውቃል። የመጀመሪያው ሳምንት መነጫነጩ አይቀርም፤ ቻሉት። ከወር ከሁለት ወር በኋላም ትምህርቱን ከተወ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ብር መውሰዱን ከቀጠለ ግን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።