ስለ ሮቸስተር ሬድ ዊንግስ የጠየቃችሁኝ

ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሐበሾች የናሽናልስን ቤዝቦል ቡድን እናውቀዋለን። ልጆቻችን ኮፍያውን አድርገው ነው የሚያድጉት። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ለናሽናልስ የሚታጩ ወጣቶች የመጨረሻ ማረፊያቸው ሮቸስተር ናት፤ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር። ስለ ከተማዋ ቡድን፣ ስለ ሬድ ዊንግስ፣ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማይነር ሊግ ማለት እንደ እኛ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው? ዋንጫ ሲበሉ ያድጋሉ?

አያድጉም። የሚያድገው ተጫዋቹ ነው። የእግር ኳሱን ተስፋ ቡድን አስቡት። በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በዋናው የቤዝቦል ሊግ፣ ያሉት 30 ክለቦች በሥራቸው አራት አራት ቡድን አላቸው። ሮቸስተር ያለችው በላይኛው እርከን፣ ትሪፕል ኤ በሚባለው ነው። የተጫዋቹንና የአሰልጣኙን ደመወዝ የሚከፍለው ዋናው ክለብ ነው። የሮቸስተር ሰዎች ትኬቱን፣ ምግቡንና ዝግጅቱን ይይዛሉ። ስለዚህ ዋናው ክለብ "ና" ካለ ኮከባቸው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ጄምስ ዉድም ዲላን ክሩስም በ2024 ክረምት ከሮቸስተር ተነስተው ነው ዋሽንግተን የገቡት።

ቡድኑ ከመቼ ጀምሮ አለ?

ከተማዋ ከ1899 ወዲህ ዛሬ ኢንተርናሽናል ሊግ በሚባለው ውድድር ሳታቋርጥ አለች። ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ ብሮንኮስ፣ ሃስለርስ፣ ትራይብ ተብሏል። ሬድ ዊንግስ የሆነው የሜጀር ሊጉ ክለብ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ በ1928 ከያዘው በኋላ ነው። ከዚያም በአሰልጣኝ ቢሊ ሳውዝወርዝ ዘመን ከ1928 እስከ 1931 አራት ጊዜ በተከታታይ ሊጉን በአንደኝነት ጨረሰ። በኋላ የካርዲናልስ ታላቅ መቺ የሆነው ስታን ሙዚያልም በ1941 በዚህ አልፏል።

ባለቤቱ ማነው? የሕዝብ ነው ሲባል ሰምቼ አላመንኩም።

እመኑ እህቴ። እኔ ይህን ቡድን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1950ዎቹ አሜሪካውያን ቤታቸው ቴሌቪዥን አስገቡ። የትንንሽ ከተማ ስታዲየሞች ባዶ ሆኑ፣ ብዙ ማይነር ሊጎችም ፈረሱ። ካርዲናልስም ሮቸስተርን መተው ፈለገ። ገዢ ካልተገኘ ቡድኑ ይጠፋል። ያኔ ሞሪ ሲልቨር የሚባል የከተማዋ ነጋዴ ተነሳ። አክሲዮን እንሽጥ አለ፤ አንዱን በ10 ዶላር። አስቡት፣ ሀብታም ብቻ ሳይሆን ማንም ሠራተኛ ሊገዛው የሚችል ዋጋ ነው። በ72 ቀን ውስጥ ገንዘቡ ተሰበሰበ። በ1957 ቡድኑ 8,222 ባለአክሲዮኖች ያሉት የከተማው ሕዝብ ንብረት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ዋናው ክለብ ተቀያይሯል፤ ከ1961 እስከ 2002 ባልቲሞር፣ ቀጥሎ እስከ 2020 ሚኒሶታ፣ አሁን ዋሽንግተን። ሬድ ዊንግስ ግን ከሮቸስተር አልወጣም። አሮጌው ስታዲየም በ1968 በሲልቨር ስም ተሰየመ። ልጁ ናኦሚ ሲልቨርም ቡድኑን በመሪነት አገልግላለች። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነው። ቤዝቦል ውስጥ የታላቅ ተጫዋች ቁጥር ለክብሩ ሲባል ማንም እንዳይለብሰው ይደረጋል። ሮቸስተር 8222ን እንደዚያ አክብራዋለች።

ረጅሙ ጨዋታ የሚባለው ምንድን ነው?

ቤዝቦል 9 ኢኒንግ ነው፤ ማለትም ሁለቱም ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ዙር ይመታሉ። እኩል ከሆኑ አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል። ሚያዝያ 18 ቀን 1981 ሬድ ዊንግስ በሮድ አይላንድ ከፓውታኬት ጋር ገጠመ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ተጫዋቾች የተሰበረ ዱላ እያነደዱ ይሞቁ ነበር። በ9ኛው 1 ለ 1። በ21ኛው ሮቸስተር አገባች፤ አለቀ ሲባል ፓውታኬትም አገባ። 2 ለ 2። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሲሆን በ32ኛው ኢኒንግ ጨዋታው ቆመ። የፈረንጆች ፋሲካ ሌሊት ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ የቀሩት ተመልካቾች 19 ናቸው።

ሰኔ 23 ቀን ቀሪውን ተጫወቱ። 18 ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ፓውታኬት 3 ለ 2 አሸነፈ። በአጠቃላይ 33 ኢኒንግ፣ 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ። የሮቸስተሩ ዴቭ ሃፐርት ከመቺው ኋላ ቁጭ ብሎ ኳስ እየተቀበለ 31 ኢኒንግ ቆየ። ጉልበቱን አስቡት። ሦስተኛው ቤዝ ላይ የነበረው ልጅ ደግሞ ካል ሪፕከን ነው፤ በኋላ በባልቲሞር 2,632 ጨዋታ ሳያመልጠው የተጫወተው። በተጋጣሚው በኩል ዌድ ቦግስ ነበር። ሁለቱም ዛሬ የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ውስጥ ናቸው።

ከድሮ ተጫዋቾች ማንን ትወዳለህ?

ሉክ ኢስተርን። በዘር ክፍፍሉ ዘመን በጥቁሮች ሊግ የተጫወተ ግዙፍ መቺ ነው። ሜጀር ሊግ የገባው 34 ዓመት በሞላው ሰሞን ነው፤ ምርጥ ዕድሜው በሩ ተዘግቶበት አለፈ። ሮቸስተር የመጣው በ1959፣ አርባን አልፎ ነበር። እስከ 1964 ቆየ። ሕዝቡ እንደ ልጁ ወደደው። 36 ቁጥሩን ማንም አይለብሰውም። በቁጭትም በፍቅርም የማስበው ሰው ነው።

ዋንጫስ?

የሊጉን የገቨርነርስ ካፕ 10 ጊዜ ወስዷል። የመጨረሻው በ1997፣ መሃል ከተማ ወዳለው አዲሱ ስታዲየም በገባበት ዓመት ነው። ከሁሉ ጠንካራው ግን በኋላ በሜጀር ሊግ ስም ያተረፉት ዶን ቤይለርና ቦቢ ግሪች የነበሩበት የ1971ዱ ቡድን ይመስለኛል።

ልጆቼን ይዤ ብሄድ ይሻላል?

ሂዱ። ከዋሽንግተን በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ውድድሩ ከመጋቢት መጨረሻ ወይም ከሚያዝያ እስከ መስከረም ይቆያል። በአንዳንድ ምሽቶች ቡድኑ "ፕሌትስ" በሚል ስም ይጫወታል። የከተማዋ ታዋቂ ምግብ ስም ነው፤ ድንች፣ ማካሮኒ፣ ሥጋና ስጎ በአንድ ሳህን። ፍልሰታ ላይ ከሄዳችሁ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ።