ጀበና ደም ግፊት አላት እንዴ?

አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ስልክ ነበር። በዚህ ወር ግን ከዚሁ ከጅማ ሦስት ሰዎች ስለ ስማርት ሰዓት ጽፈውልኛል። አንዱን ዕቃ እኔም ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፣ ውጤቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የድሮ ሰዓቱን ሰጠኝ፣ ፔብል ይባላል። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ነው፣ በጣት ብትነካው አይሰማም፣ ያለው አራት ቁልፍ ብቻ ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ግን አንዴ ቻርጅ ካደረግኩት ሳምንት ሊሞላው ትንሽ ነው የሚቀረው። አፕ ልጫንበት ስል ኩባንያው ተዘግቷል አሉኝ። ልሽጠው? ደግሞስ የአማርኛ መልእክት ሲመጣ ለምን ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳየኛል? (ከቆጪ)

መልስ፦ ኧረ አትሽጠው! ደህና ዋጋም አያወጣልህም። ጓደኞችህ የሚስቁት ምን እንደያዝክ ስላላወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤሪክ ሚጂኮቭስኪ የሚባል ወጣት ይህን ሰዓት ልሥራ ብሎ ኪክስታርተር በሚባል ሕዝብ ገንዘብ የሚያዋጣበት ድረ ገጽ ላይ 100 ሺህ ዶላር ጠየቀ። የተዋጣለት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ያዋጡት ወደ 69 ሺህ ሰዎች ናቸው። ለሁሉም ዕጣ የሚወጣበት ዕቁብ በለው፣ ብቻ ዕጣው ሰዓት ነው፣ እሱም ከቀጠሮው ዘግይቶ ነው የደረሳቸው።

ያኔ ሌሎቹ ኩባንያዎች ያማራቸው ስልክን አሳንሶ ክንድ ላይ ማሰር ነበር። ሳምሰንግ በ2013 ያወጣው ጋላክሲ ጊር ማሰሪያው ላይ ካሜራ ሳይቀር ነበረው። ግን በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል፣ መብራት ሄዶ ያደረ ቀን ጌጥ ነው። አፕል በ2015 መጣ። ባትሪው 18 ሰዓት ነው የተባለለት፣ አፖቹም መጀመሪያ ላይ የሚሠሩት ስልኩ ውስጥ ነበር፣ ሰዓቱ መስኮት ብቻ ነው። ክንድህን ታነሳለህ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትሽከረከራለች፣ ትጠብቃለህ፣ ክንድህ ይዝላል፣ በመጨረሻ ስልክህን ከኪስህ ታወጣለህ። በ2017 ጎግል ማፕስ፣ አማዞንና ኢቤይ የሰዓት አፓቸውን ማንሳታቸው ሲታወቅ ከተነሱ ሳምንታት አልፈው ነበር። ልብ ያለ ሰው የለም ማለት ይቻላል። (ማፕስ በኋላ ተመልሷል።)

እኔ እንደሚመስለኝ ክንድ የሦስት ሰከንድ ቦታ ነው። ማን ደወለ? ስንት ሰዓት ሆነ? ዝናብ ሊመጣ ነው? (ጅማ ላይ ለመጨረሻው ጥያቄ አፕ አያስፈልግም፣ መልሱ አዎ ነው።) ፔብል ይህ ገብቶት ነበር። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይበልጥ ይነበባል፣ ቁልፎቹን ቀና ብለህ ሳታይ በጣትህ ታገኛቸዋለህ፣ ውሃም አይፈራም። አቅሙ ግን ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ስምንት አፕ ብቻ ነበር የሚይዘው፣ ዘጠነኛውን ከፈለግክ አንዱን ማጥፋት ነው። ለአንድ አፕ የሚሰጠው ሚሞሪ 24 ኪሎባይት ነው። በስልክህ የምታነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ መቶ እጥፍ ይበልጣል።

የአማርኛው ነገር ሌላ ነው። ሰዓቱ ሲሠራ የእኛ ፊደል አልተጫነበትም፣ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ ሳጥን አድርጎ ያልፈዋል። «እማዬ» ሦስት ሳጥን ሆና ነው የምትመጣልህ። ቢያንስ ስልክህ ላይ ስሞችን በላቲን ፊደል መዝግብ፣ መልእክቱን ባታነብም ማን እንደላከው ታውቃለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለአፑ ሰዓቱ ብቻውን አይበቃም። ሰዓቱ ስልኩን በብሉቱዝ ይጠይቃል፣ ስልኩ ደግሞ የኩባንያውን ሰርቨር (አፖቹ የተቀመጡበትን ኮምፒውተር) ይጠይቃል። ስለዚህ ኩባንያው ሲወድቅ ክንድህ ላይ ያለው ደህና ዕቃ አብሮ ይደነዝዛል። ፔብል በ2016 መጨረሻ ፊትቢት ለሚባል ሌላ የሰዓት ኩባንያ ተሸጠ፣ ፊትቢት ሰርቨሩን በ2018 ዘጋው፣ ከዚያ ፊትቢትን ራሱን ጎግል ገዛው። ሰዓቱን ያተረፉት የራሱ ተጠቃሚዎች ናቸው። ሪብል በሚል ስም ተሰባስበው የአፕ መደብሩን በራሳቸው ሰርቨር አስነሱት። በጥር 2025 ደግሞ ጎግል የሰዓቱን ኮድ ለሁሉም ክፍት አደረገ፣ ሚጂኮቭስኪም ተመልሶ ወደ ሥራው ገባ። የድሮው የስልክ አፕ አዳዲስ ስልኮች ላይ አልጫንም ሊልህ ይችላል፣ አዲሱን የፔብል አፕ ሞክር። በማግኔት የሚጣበቀውን ቻርጀር ብቻ አደራ፣ ከጠፋ ምትኩን ማግኘት ይከብዳል። ኮድ የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ ለፔብል የሰዓት ገጽ የሚሠራው ሲ (C) በሚባለው የኮድ ቋንቋ ነው። የእኛን ቀን መቁጠሪያ የሚያሳይ አንድ ሥራና ለሚስቁት ጓደኞችህ አሳያቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለህ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስኳርም ግፊትም አለብኝ። መርካቶ ሁለቱንም የሚለካ ሰዓት አገኘሁ፣ ጣት መውጋት ቀረ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ጠዋትም ማታም ያው አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚያሳየኝ። ልመነው? (ከጅሬን)

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ አይመኑት። ጣት መውጋቱንም ዛሬውኑ ይመለሱበት።

የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ነው ያንኑ የሚመስል አንድ ሰዓት የገዛሁት። መጀመሪያ እኔ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ ስለነበር፣ ሦስተኛው ከተቀዳ በኋላ ጀበናዋ ስትበርድ አንገቷ ላይ አሰርኩላትና «ለካ» አልኩት። አረንጓዴዋ መብራት ጥቂት ብልጭ ብልጭ አለች። የጀበናዋ ደም ግፊት 118 በ76 ወጣ። ከእኔ ትሻላለች።

አረንጓዴዋ መብራት ራሷ ውሸት አይደለችም። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር ክንድ ላይ የሚያልፈው ደም ይጨምራል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሰዓቱ ያንን ይቆጥራል። ስለዚህ ደህና ሰዓት የልብ ምትን ጥሩ አድርጎ ይለካል። ላላ ብሎ ከታሰረ ወይም እጅ እየተወዛወዘ ከሆነ ግን ይሳሳታል። ደም ግፊት ከዚህ የተለየ ነው። ክንድ ላይ ተጠምጥሞ አየር የሚሞላው መሣሪያ ቦታውን አልለቀቀም። የሳምሰንግ ሰዓቶች እንኳ ግፊት ለመገመት በየ28 ቀኑ በዚያ መሣሪያ እንደገና መስተካከል አለባቸው። ስኳርን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት 2024 ቆዳ ሳይበሳ ስኳር እለካለሁ የሚል ሰዓትም ሆነ ቀለበት እንዳትጠቀሙ ብሎ አስጠንቅቋል፣ አንዱንም ፈቅዶ አያውቅም ነበር። በተሳሳተ ቁጥር ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ሰዓቱን አይጣሉት፣ እርምጃዎን ይቁጠርልዎ። እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥተው ሲመለሱ የሚያሳይዎ ቁጥር ትንሽ ቢያዛባ እንኳ አይጎዳዎትም።

ጥያቄ፦ ስማርት ሰዓቴን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ማድረግ እችላለሁ? በየቀኑ ስድስት መቀነስ ሰለቸኝ። (ከአጂፕ)

መልስ፦ ይቻላል፣ ዘዴው ያስቃል። የዓለም ሰዓት የሚለውን ክፈትና ቦነስ አይረስን ጨምር፣ ከዚያ ሰዓቱ ፊት ላይ አውጣው። አርጀንቲና ከእኛ ልክ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት፣ ሰዓቷንም በየወቅቱ አትቀያይርም። እዚህ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን እዚያ ጠዋት 6 ይላል። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ንጋት 12 ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ቀኑም የሚለወጠው እኛ ጋ ሲነጋ ነው። የስልክህን የሰዓት ክልል ግን እንዳትነካው፣ አላርምህና ቀጠሮህ ይዘበራረቃል። ሰዓትህን ያየ ሰው የአርጀንቲና ደጋፊ ነህ እንዴ ቢልህ አትገረም።