ጥርስ መግል ሲቋጥር፦ ከአዳማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

አዳማ ውስጥ ጥርስ ሐኪም ነኝ። መግል ስለቋጠረ ጥርስ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት ጥያቄዎች የተወሰኑትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ትናንት በራሱ ተወኝ። ዳነ ማለት ነው?

መልስ፦ አልዳነም ወንድሜ። በጣም የምፈራው ይህንን ጸጥታ ነው። በጥርስ መሃል ነርቭና ደም ሥር አለ። ባክቴሪያ በተቦረቦረው ቀዳዳ ገብቶ ነርቩን ሲገድለው ሕመሙ ይቆማል። ባክቴሪያው ግን ሥራውን አያቆምም። ወደ ሥሩ ጫፍ ይወርድና አጥንቱ ውስጥ መግል ይቋጥራል። አንድ ቀን ድድህ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ አፍህ መጥፎ ጣዕም ይሞላል። ያኔም ቀለል ይልህ ይሆናል። መታከም ግን አለብህ።

ጥያቄ፦ አሞክሳሲሊን ስውጥ እብጠቱ ይጎድላል፤ ከወር በኋላ ይመለሳል። ለምን?

መልስ፦ መድኃኒት የሚደርሰው በደም ነው። የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዞርም። ስለዚህ ዙሪያው ይበርዳል፣ ምንጩ ይቀራል። አንቲባዮቲክ የምናዝዘው ትኩሳት ሲኖር ወይም እብጠቱ ፊት ላይ ሲሰራጭ ነው፤ ያኔም ለብቻው አይበቃም። መግሉ መውጫ ይፈልጋል። ወይ ነርቩን አጽድተን ሥሩን እንሞላለን፣ ወይ ጥርሱን እንነቅላለን። ጥርሱ ለመዳን አቅም ካለው እኔ ማትረፉን እመርጣለሁ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ሦስት ጊዜ መድኃኒት ገዝቶ ከዋጠ በኋላ ጉንጩ አብጦ መጣ። ጥርሱን ስከፍተው መግሉ ገንፍሎ ወጣ፤ ክፍሉን ሽታ ሞላው። ወንበሩን ጨምድደው የነበሩት ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲላሉ አየሁ። «ተነፈስኩ» አለኝ።

ጥያቄ፦ ጥርስ ካበጠ አይነቀልም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ማበጡ ብቻውን አይከለክልም። ችግሩ መግል ባለበት ቦታ ማደንዘዣ ይደክማል። ስለዚህ ከእብጠቱ ራቅ አድርገን እንወጋለን፤ አንዳንዴም መጀመሪያ መግሉን እናፈሳለን። «እስኪጎድል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ።

ጥያቄ፦ አስፕሪን ድዴ ላይ ባስቀምጥስ? አረቄስ? ቅርንፉድስ?

መልስ፦ አስፕሪን እባካችሁ ተዉት። አሲድ ነው፣ ድድ ያቃጥላል። ነጭ ሆኖ የተላጠ ድድ ብዙ አይቻለሁ። አረቄም አያክምም። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ከዚያ አያልፍም። ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሆናል። ኢቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያመው፣ ለነፍሰ ጡርም አልመክርም።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እስክወልድ ልታገሥ?

መልስ፦ አትታገሺ እህቴ። አሁን ያለሽበት ጊዜ ለጥርስ ሕክምና ምቹው ነው። እርጉዝ መሆንሽን ብቻ አስቀድመሽ ንገሪን።

ጥያቄ፦ ያደግኩት ወንጂ ነው። ጥርሴ ቡናማ ነው። በስብሶ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፣ አትሸማቀቅ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛል፤ ከመጠን ሲያልፍ ጥርስ ያቀልማል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በአካባቢያችን ከዚያ በላይ የነበራቸው ጉድጓዶች ነበሩ። ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ በልጅነት የገባ ቀለም ነው። ቀለሙ መግል አያመጣም። የጥርሱ የላይ ሽፋን ከተፈረፈረ ግን አሳየን።

ጥያቄ፦ ሌሊት ቢብስብኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እብጠቱ ወደ ዐይን ከወጣ ወይም ከአገጭ በታች ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ያ የጥርስ ክሊኒክ ጉዳይ አይደለም። የአየር መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል። እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት ሰው አስከትላችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።