እብነ በረድና እንጨት አስመስሎ ስለ መቀባት፦ ጥያቄና መልስ

ቀለም ቀቢ ነኝ። ከሥራዬ ሁሉ ልቤ የሚያደላው ተራውን ግድግዳ ድንጋይ፣ ተራውን በር ደግሞ ጥሩ እንጨት ወደሚያስመስለው ቅብ ነው። የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ግሌዝ የሚሉት ነገር የግድ ያስፈልጋል? ቀለሙን በውኃ ባቀጥነውስ?

አይሆንም። ግሌዝ ቀለም አልባ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ከቀለም ጋር ሲቀላቀል ቀለሙን ያሳሳዋል፣ መድረቁንም ያዘገየዋል። በጨርቅም ሆነ በስፖንጅ ለመሥራት ጊዜ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ለጀማሪ 4 እጅ ግሌዝ ለ1 እጅ ቀለም ጥሩ መነሻ ነው። በውኃ ብቻ የቀጠነ ቀለም ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ውኃው ከበዛ ደግሞ ደርቆም ሲታሽ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳሎኑን በስፖንጅ ሠራሁት፤ የነብር ቆዳ መሰለብኝ። ምን አጠፋሁ?

ሁለቱ ቀለሞችሽ በጣም የተራራቁ ይመስለኛል። መደቡ፣ ማለት ከሥር የሚቀባው ቀለም፣ እና በላዩ የሚመታው ቀለም ዘመዳሞች ይሁኑ፤ አንዱ ከሌላው ጥቂት ጠቆር ቢል ይበቃል። ስፖንጁን ደግሞ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ነክረሽ ጥብቅ አድርገሽ ጭመቂው። ቀለሙን ካስነካሽው በኋላ ካርቶን ላይ ሁለት ሦስቴ ምቺው፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ከዚያ የተረፈው ብቻ ነው። በመታሽ ቁጥር አንጓሽን አዙሪ፣ አለዚያ ያው ቅርጽ እየተደጋገመ ማኅተም ይመስላል። አሁን ያለውን ማፍረስ አያስፈልግም። የመደቡን ቀለም ከግሌዝ ጋር ቀላቅለሽ በዚያው ስፖንጅ ሳሳ አድርገሽ ምቺበት፤ ጥቁሩ ነጥብ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ጥያቄ፦ እብነ በረድ ስሠራ ሥሮቹ፣ ድንጋዩ ላይ የሚታዩት መስመሮች፣ መብረቅ ይመስላሉ። እጄ ነው ችግሩ?

እጅዎ አይደለም፣ ዐይንዎ ነው። እውነተኛ እብነ በረድ አጠገብ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ያ ሥር ሸክላና የብረት ዝገት ዓይነት ባዕድ ማዕድን ድንጋዩ ውስጥ የተወው ምልክት ነው፤ አንዳንዱም ተሰንጥቆ በኋላ የተሞላ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሥሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ይጠፋል፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ብቅ ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጭ መደብ ላይ ግራጫ ግሌዝ እዚህም እዚያም ደመና አድርገው ያሳርፉ። ሳይደርቅ ቀጭን ብሩሽ ወይም የወፍ ላባ ይያዙ፤ አያያዝዎ እንደ እስክሪብቶ አይሁን፣ የኋላ ጫፉን ብቻ ይያዙት። ወደ ራስዎ እየጎተቱ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያንከባሉት። እጅ ሲንቀጠቀጥ አይከልክሉት፤ ውበቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ወዲያው በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ፣ እየነካ ያልነካ ያህል፣ ሥሩን አግድም ይዳብሱት። አንዱን ሥር ጥርት ያለ ትተው ሌሎቹን ካደበዘዙ ድንጋዩ ጥልቀት ያገኛል። ከዚያ ያቁሙ። ያየሁት የተበላሸ እብነ በረድ ሁሉ ማለት ይቻላል ሥር የበዛበት ነው።

ግድግዳውን ሙሉ አንድ ድንጋይ ማድረግም አያሳምንም፤ እንደ ጥርብ ድንጋይ ይከፋፍሉት። እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ የነበሩ ባለሙያዎች ልስኑን በጥርብ ድንጋይ ቅርጽ ከፋፍለው ነው እብነ በረድ ያስመሰሉት።

ጥያቄ፦ በር ላይ እንጨት ለማስመሰል መደቡ ምን ዓይነት ይሁን?

ልታስመስለው በፈለግከው እንጨት ላይ የምታየው ፈዛዛው ቀለም መደብህ ነው፤ ጥቁሩ በግሌዝ ይመጣል። ጉጥ የሚያወጣውን ጎማ (የእንጨት መስመር የተቀረጸበትን መሣሪያ) እርጥቡ ግሌዝ ላይ ስትጎትት ቀስ እያልክ ወዝውዘው፣ መሀል ላይ አትቁም፣ ሁለት ጉጥም ጎን ለጎን አታውጣ። በሩ ላይ መጀመሪያ ጎድጎድ ያሉትን ሰሌዳዎች፣ ቀጥሎ አግዳሚዎቹን፣ መጨረሻ ቋሚዎቹን ሥራ። መስመሩ እንጨቱ የተጋደመበትን ተከትሎ ይሂድ። ይህ ከተሳተ የቀረው ሁሉ ቢያምርም ውሸቱ ከሩቅ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ግድግዳዬ ማት (የማያንጸባርቅ) ቀለም ነው። በዚያው ላይ ልሥራ?

አይሥሩ። ማት ግሌዙን ይመጠዋል፣ ዥንጉርጉርም ይሆናል። ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ሳቲን ወይም ከፊል አንጸባራቂ ቀለም ይቀቡና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ትናንት የሠራሁትና ዛሬ የሠራሁት የተገናኙበት መስመር ይታያል።

አንድ ግድግዳ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በአንድ ጊዜ ይጨረስ። ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ግሌዝ ይቀባ፣ ሌላው በጨርቅ ይከተለው። ጠርዙን ቀጥ አድርጋችሁ አትተዉት፣ ሳይደርቅም ከዚያው ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ ምን ቫርኒሽ?

ነጭ እብነ በረድ ከሆነ በውኃ የሚቀጥነውን። የዘይቱ ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆናል፤ እንጨት ላይ ግን ያ ሙቀት ያምራል። ዘይት ከተጠቀማችሁ ግን፣ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተከመረ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት።