የሚያከብረው ያጣው ቀልደኛ፦ ስለ ሮድኒ ዴንጀርፊልድ ጥያቄና መልስ

ስለ ባለ አንድ መስመር ቀልዶች ባወራሁ ቁጥር የሮድኒ ዴንጀርፊልድን ስም ስለማነሳ ጥያቄው በዛ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ሰውዬውን ለዓመታት ሳየውና ስለ እሱ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ትንሽ ባዳላ አትፍረዱብኝ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ እኔ ስሙንም ሰምቼ አላውቅም። ማን ነው?

መልስ፦ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል! አሜሪካዊ ስታንድ አፕ ኮሜዲያን፣ ማለትም መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ የሚቀልድ ሰው ነው። በ1921 ኒውዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ ተወለደ። የልደት ስሙ ጄከብ ኮኸን ነው። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ከረባት፣ የፈጠጠ ዓይን፣ ላብ። ከረባቱን እየጎተተ፣ አንገቱን እንደታነቀ ሰው እያወዛወዘ ቀልድ በቀልድ ላይ ይደራርብብሻል። ረጅም ታሪክ የለም። ሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ሳቅ፣ ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ዘግይቶ ነው የታወቀው ሲባል ሰማሁ። ስንት ዓመቱ ነበር?

መልስ፦ አርባ አምስት። እኔ ሰውዬውን የምወደው ግማሹ በዚህ ምክንያት ነው። ቀልድ መጻፍ የጀመረው ገና በ15 ዓመቱ ነው። ከዚያ ጃክ ሮይ በሚል ስም በየሆቴሉና በየክለቡ ዞረ። አልሆነለትም። አገባ፣ መድረኩን ተወ፣ የቤት ግድግዳ የሚለብስ አሉሚኒየም ሻጭ ሆነ። በኋላ ስለዚህ ሲቀልድ፣ ሥራውን መተዌን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ ይላል።

ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ተመለሰ። ቀን ሽያጭ፣ ማታ መድረክ። በራሱ ግምት 20,000 ዶላር ገደማ ዕዳ ነበረበት። በድሮ ስሙ ድጋሚ ወድቆ መሳቂያ መሆን አልፈለገም፤ የአንድ ክለብ ባለቤትን ሌላ ስም ስጠኝ አለው። ሰውዬው "ሮድኒ ዴንጀርፊልድ" አለው። ስሙ ራሱ የተለበሰ ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት ኮሜዲያኑ ጃክ ቤኒ በሬዲዮ ፕሮግራሙ ለአንድ አስቂኝ ገጸ ባሕርይ ተጠቅሞበታል። በመጋቢት 1967 ታዋቂው የቴሌቪዥን ዝግጅት የኤድ ሰሊቫን ሾው ላይ በመጨረሻ ሰዓት ሰው ተክቶ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ አላየም።

ጥያቄ፦ "የሚያከብረኝ የለም" የሚለው አባባሉ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከድብብቆሽ። ራሱ እንደተረከው፣ መጀመሪያ በእጁ የነበረው አንድ ቀልድ ነው። ልጅ ሆኜ ድብብቆሽ ስንጫወት የሚፈልገኝ አልነበረም የሚል። ቀልዱ ይሠራል፣ ግን መግቢያ አጣለት። ፊቱ ላይ ምን ይቀጠል? ድሃ ስለነበርኩ? ቂል ስለነበርኩ? "ማንም አይወደኝም ነበር" የሚለውን ሞከረ፤ ክፉ አይደለም። በመጨረሻ "ክብር የሚባል ነገር አላገኘሁም" አለ። ገጠመ።

ልብ በሉ፤ ለአንድ ቀልድ የተፈለገች መግቢያ ናት ዕድሜ ልኩን ያኖረችው። ከእሷ በኋላ ሚስቱም፣ ሐኪሙም፣ ውሻውም አያከብሩትም። አዲስ ቀልድ በመጣ ቁጥር ሰውዬው ማን እንደሆነ ማስረዳት ቀረ። ተመልካቹ ያውቀዋላ! ባለ አንድ መስመር ቀልደኛ ትልቁ ችግሩ ይሄ ነው፤ በየአስር ሰከንዱ ከዜሮ መነሳት። ሮድኒ ያንን ዕዳ በአንድ አባባል ዘጋው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ ቀልድ በአማርኛ ይበልጥ ያምራል ባይ ነኝ። "የሚፈልገኝ አልነበረም" ስንል የተደበቀበትን የሚያስስ አልነበረም ማለት ነው፤ ደግሞም የሚሻው፣ የሚወደው ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሰሙም ወርቁም አንድ ቃል ላይ ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛው ላይ ያለው ሰሙ ብቻ ነው፤ ወርቁን አድማጩ ራሱ ያመጣዋል።

ጥያቄ፦ በእውነተኛ ሕይወቱስ? ወይስ ሁሉም ትወና ነው?

መልስ፦ ትወና ብቻ አይደለም። አባቱ የመድረክ ሰው ነበር፤ ቤት ውስጥ ብዙም አይታይም። እናቱ ቀዝቃዛ ሴት ነበረች፤ አቅፋ ስማኝ አታውቅም ብሎ ተናግሯል። ኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ ውስጥ ሲያድግ አብረውት ለሚማሩ ልጆች ቤት አስቤዛ ያደርስ ነበር። አስቡት፤ ጠዋት አብሮህ የተቀመጠ ልጅ ማታ በር ሲከፍትልህ አንተ ዕቃ ተሸክመህ ቆመሃል። ከድባቴ ጋርም ዕድሜውን ሙሉ ታግሏል፤ ይህንንም አልደበቀም።

ግን "ሐዘኑ ነው ቀልደኛ ያደረገው" የሚሉትን ነገር አልወደውም። ሐዘንተኛ ሞልቷል። እሱ ቀልዱን ቁጭ ብሎ ይቆርጥና ይቀጥል ነበር።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ራሱ ነው የጻፈው?

መልስ፦ አብዛኛውን። ከሌሎች ጸሐፊዎችም ይገዛ ነበር፤ በሙያው ነውር አይደለም። ያገኘው ወረቀት ላይ ሁሉ ጭሮ ያስቀምጥ ነበር። ከዚያ ትንንሽ ክለቦች ውስጥ ይፈትነዋል፤ ሳቅ ያላመጣው ይጣላል። ቴሌቪዥን ላይ ለሚያቀርባት ጥቂት ደቂቃ ወራት ይፈጅ ነበር። ታዋቂው የማታ የቴሌቪዥን ዝግጅት ጆኒ ካርሰን ሾው ላይ ቆሞ የሚያቀርበውን ጨርሶ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ሰው ጨዋታው ያለቀ ይመስለዋል። ካርሰን "እንዴት ከረምክ?" ይለዋል። ያቺ ጥያቄ ሌላ የቀልድ ጎርፍ ትከፍታለች። ወሬ ይመስላል፤ ሁሉም የተዘጋጀ ነው።

ጥያቄ፦ የፊልም ኮሜዲያኑን ጂም ኬሪን ያወጣው እሱ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ "አወጣው" ይበዛል፤ "ያዘው" እንበል። በ1969 ከጓደኛው ጋር ማንሃተን ውስጥ "ዴንጀርፊልድስ" የሚባል ክለብ ከፈተ። ያለማቋረጥ ከመጓዝ ተገላግሎ ልጆቹ አጠገብ ለመሆን ነበር። ክለቡ እስከ 2020 ድረስ ቆይቷል። በ1980ዎቹ ደግሞ በኤችቢኦ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወጣት ኮሜዲያኖችን የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። በኋላ የታወቁት ኮሜዲያኖች ሳም ኪኒሰንና ሮዛን ባር በዚያ አልፈዋል።

ኬሪ የሮድኒን ዝግጅት የሚከፍት ልጅ ነበር። ታዋቂ ሰዎችን በማስመሰል ነበር የሚታወቀው። አንድ ቀን ያንን ትቶ እንግዳ ነገር መሥራት ጀመረ፤ ተመልካቹ ዝም። ሌላ ቢሆን ያባርረዋል። ኬሪ እንደሚያወራው፣ ሮድኒ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ይስቅ ነበር፤ ሲወርድ ግን ሰዎቹ ከሌላ ፕላኔት እንደመጣህ ነው የሚያዩህ አለው። አላባረረውም። ክብር አጣሁ እያለ የኖረ ሰው ለወጣት ኮሜዲያኖች አልሰሰተም።

ጥያቄ፦ ፊልሞቹስ?

መልስ፦ በ1980 የወጣው "ካዲሻክ" ይበቃል። ከቀረጻው የሚወራ አንድ ነገር አለ። ሮድኒ ቀልዱን ይናገራል፣ ማንም አይስቅም፤ ቀረጻ ላይ ድምፅ አይሰማማ! ሰውዬው ወደቅሁ ብሎ ተጨነቀ። ሃምሳ ምናምን ዓመቱ ነው፤ አሁንም ሳቅ ካልሰማ አያምንም። በዚያው ዓመት የወጣው የቀልድ አልበሙ ግራሚ ሸልሞታል።

ጥያቄ፦ መጨረሻው እንዴት ሆነ?

መልስ፦ በ2004 ለልብ ቀዶ ሕክምና ሲገባ ሆስፒታል ስንት ጊዜ ትቆያለህ ተባለ። ሁሉም ከተሳካ አንድ ሳምንት፣ ካልተሳካ አንድ ሰዓት ተኩል አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ራሱን ሳተ፤ ጥቅምት 5 በ82 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ሎስ አንጀለስ ነው፤ እነ ማሪሊን ሞንሮ ያሉበት መካነ መቃብር። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ወደ እኛ ሲመለስ "በቃ፣ ይሄም ሰፈር አለቀለት" እንደማለት ነው። ነጭ ሸሚዙና ቀይ ከረባቱ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብተዋል። ሲያስረክብ እዚያው ያለውን የዝነኛውን አብራሪ የሊንድበርግን አውሮፕላን ሊወለውሉበት ነው ብሎ ጠርጥሯል።

ጥያቄ፦ እኔም መጻፍ እየሞከርኩ ነው። እስቲ ይቺን እያት፦ "ስልኬ ሳምንቱን ሙሉ ማንም ደውሎልኝ ሳይጮህ ቆይቶ ዛሬ ሲጮህ ተሯሩጬ ሳየው ባትሪው እያለቀ መሆኑን ሊነግረኝ ነበር የጮኸው።"

መልስ፦ ሐሳቡ አሪፍ ነው፣ እህቴ። ችግሩ ሳቁ መሃል ላይ መቅረቱ ነው። "ባትሪው" ስትዪ ሰው ሊስቅ አፉን ይከፍታል፤ አንቺ ግን ገና አምስት ቃል ይቀርሻል። የአማርኛ ጣጣ ነው፤ ግሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ልቀመጥ ይላል። የድብብቆሹ ቀልድ ከዚህ የተረፈው በዕድል ነው፤ "አልነበረም" የምትለዋ ማፍረሻ ራሷ መጨረሻ ላይ ስለወደቀች። ያንቺ ላይ ግሱን መጣል ነው። "ማንም ደውሎልኝ" የሚለውም ይውጣ፤ ካልጮኸ ያልተደወለ መሆኑን ሰው ያውቃል። እንዲህ በያት፦

"ስልኬ ሳምንቱን ሙሉ ዝም አለ። ዛሬ ጮኸ። ተሯሩጬ ሄድኩ። ባትሪው።"